ከስቶር ደብተር እስከ ሲስተም ኃላፊነት፦ ለደቡብ ጎንደር ሴቶች የሥራ መመሪያ

ይህ መመሪያ ለአንቺ ነው። ምናልባት በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ፣ ጋፋት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። ምናልባት ከፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ በዳታቤዝ አድሚኒስትሬሽን ሌቭል 4 ጨርሰሽ፣ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፈሽ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ እያየሽ ነው። ወይም በእስቴ፣ በጋይንት ወይም በአዲስ ዘመን አንድ ጽሕፈት ቤት ዳታ ኢንኮደር ሆነሽ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ታስገቢያለሽ። የሚነገርሽ ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «አፕ ሥሪ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ግቢ።»

እኔ የምመክርሽ ሌላ ነው። ባንኩ፣ ሆስፒታሉ፣ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱና መጋዘኑ የሚሠሩባቸውን ትልልቅ ሲስተሞች ሙያሽ አድርጊያቸው። በዚህ መስክ የጠፋው ኮድ የሚጽፍ ሰው ብቻ አይደለም። ሥራው በወረቀት እንዴት እንደሚሄድ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ያወቀውንም ወደ ሲስተም መለወጥ የሚችል ሰው ነው የጠፋው። ይህን ለመማር ከደብረ ታቦር መውጣት አያስፈልግሽም።

ከተማሽን በሲስተም ዓይን ቃኚ

አንድ ቀን ስጪና የየመሥሪያ ቤቱን በር አንኳኪ። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ስትገቢ ገንዘብ ከፋይዋ የምትሠራበት ኮር ባንኪንግ ቲ24 ይባላል። የወረዳው በጀትና ወጪ የሚመዘገበው አይቤክስ ላይ ነው። ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ሪፖርታቸውን የሚልኩት በዲኤችአይኤስ2 ነው። ይህ ሶፍትዌር መነሻው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እንዲሠራ ማስተካከል ይቻላል። የጤና ተቋማት የመድኃኒት መጋዘኖች የክምችት መቆጣጠሪያውን ዳጉን ያውቁታል። ኪስሽ ውስጥ ያለው የፋይዳ ቁጥርም ሞሲፕ በሚባል ምንጩ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው።

ከእነዚህ አንዱን ምረጪ። ምርጫው የእኔ ቢሆን ጤናን ወይም ፋይናንስን እወስድ ነበር። በባንክ ቅርንጫፍ ብትቀጠሪ የሲስተሙ ተጠቃሚ ነው የምትሆኚው፤ ኮር ባንኪንጉን የሚያስተዳድረው ቡድን የሚቀመጠው አዲስ አበባ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ጤናና ፋይናንስ ግን በየወረዳው ሰው ይፈልጋሉ፤ ለሠራተኛው ሲስተሙን የሚያሳይ፣ አልገጥም ያለ ሪፖርት የሚያጣራ፣ ከዞንና ከክልል ጋር የሚነጋገር። ትንሽ ሥልጣን ናት፤ ግን የመጀመሪያዋ ቀን ላይ የምታገኚያት እውነተኛ ሥልጣን ናት።

ኮምፒውተሩን ከመክፈትሽ በፊት ወረቀቱን ተማሪ

በዚህ ላይ ረጅም ጊዜ እንድትቆዪ እፈልጋለሁ፤ ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነውና።

የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስቶር ውሰጂ። ክፍሉ ዕቃ ሲፈልግ በሞዴል 20 ይጠይቃል። ኃላፊው ሲፈቅድ ዕቃው በሞዴል 22 ይወጣል። ከአቅራቢ የመጣ ዕቃ ደግሞ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። መደርደሪያው ላይ ቢን ካርድ አለ፤ ንብረት አስተዳደር ዘንድ ደግሞ ስቶክ ካርድ አለ፤ ሁለቱ መግጠም አለባቸው። ይህን በቃል ማወቅ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ቁም ነገሩ ያለው ሥራው ከደንቡ ወጣ ሲል ነው። ስለዚህ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ዘንድ ሄደሽ በትሕትና ጠይቂ፦

«ጋሼ፣ ዕቃው ጎድሎ ሲመጣ ሞዴል 19 ላይ እንዴት አድርገው ነው የሚጽፉት?»

«የመጣውን ብቻ ነው የምጽፍ። ቀሪው ሲመጣ ሌላ ይቆረጣል።»

«አስቸኳይ ሆኖ ወረቀት ሳይሞላ የወጣስ?»

ለዚህኛው ጥያቄ መልሱ ትንሽ ይዘገያል። ዝም ብለሽ ጠብቂ፤ ሲስተሞች የሚከሽፉት እዚያች ላይ ነው። ሶፍትዌሩ በሕጉ መሠረት ተሠርቶ ይመጣል፤ ሌሊት ለምጥ የገባች እናት መድኃኒት ስትፈልግ ግን ፈራሚው ኃላፊ ቤቱ ነው። ሲስተሙ ያን ሌሊት የሚያስተናግድበት መንገድ ከሌለው ሠራተኛው ከሲስተሙ ውጪ መሥራት ይጀምራል፤ በወሩ መጨረሻም ኮምፒውተሩና መደርደሪያው አይገጥሙም። በሳጥን ገብቶ በፍሬ ስለሚወጣ መድኃኒት፣ ስለ ተመላሽ ዕቃ፣ ጊዜው ስላለፈበት፣ ስለ ተሰበረውም ጠይቂ። እያንዳንዱን ሰነድ ማን እንደሚያዘጋጀው፣ ማን እንደሚፈርምበት፣ ስንት ቅጂ እንዳለውና ቅጂው ወዴት እንደሚሄድ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሣዪው። ሥዕሉን መልሰሽ ለጋሼ አሳዪያቸውና ያርሙት። ያረሙት ወረቀት የመጀመሪያው የሙያ ሥራሽ ነው፤ አትጣዪው።

የዶ/ር እሌኒ ገብረ መድኅንን መንገድ የማነሳው ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያን በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመሩት እሌኒ ፕሮግራመር አይደሉም፤ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ናቸው። የእህል ገበያውን፣ ደላላውንና ነጋዴውን ለዓመታት አጥንተው ነው የመጡት። ገበያው ሲከፈት ግብይቱ በድምፅና በእጅ ምልክት ነበር፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይቱ የተከተለው ከዓመታት በኋላ ነው። አሠራሩ አስቀድሞ ተዘርግቶ ነበርና ሶፍትዌሩ የሚቆምበት መሬት አገኘ።

መሣሪያሽ

8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃሻል። ስትገዢ ከኃይል ነቅለሽ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አሠሪው፤ ማብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪው ከፕሮሰሰሩ ይበልጣል።

በኢንተርኔት አትመኪ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ኖረሽበታል። ስለዚህ ኔትወርክ ባለበት ቀን በግቢው ዋይፋይ ወይም ባሕር ዳር ስትወርጂ የሚያስፈልግሽን አውርደሽ በፍላሽ ያዢ፤ ፖስትግሬስኪውኤልን ከሙሉ ማኑዋሉ ጋር፣ ፓይተንን፣ የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የሆነውን የኦዱን ነጻ እትም። አንዴ ከተጫኑ ሁሉም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። በደመና ላይ ብቻ የሚሠራ ነገር ለመማሪያነት አትምረጪ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ ኤክሴል፣ ከዚያ ኤስኪውኤል፣ ከዚያ ኦዱ፣ ፓይተን በመጨረሻ። ፓይተን መቆየቱ የሚያናድዳቸው ይኖራሉ። ግን ዳታቤዝ መጠየቅ የምትችል ሴት በገባችበት መሥሪያ ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ትፈለጋለች፤ ፓይተን ብቻ የምታውቀው ግን የምትጽፍለት ነገር እስክታገኝ ትጠብቃለች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና ነጻ ነውና ተመዝገቢ፤ ከቀረቡት ኮርሶች የዳታውን አስቀድሚ። ሰርተፍኬቱን ግን ራሱን ችሎ የሚያስቀጥር አድርገሽ አትቁጠሪው፤ ከጎኑ የራስሽ ሥራ ይኑር።

የራስሽ ሥራ ስል የስቶሩን ሥዕል ወደ ዳታቤዝ ለውጪው ማለቴ ነው። ሁለት ሕጎች ልስጥሽ። የመጀመሪያው፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ቀሪ በእጅ የሚሞላ ቁጥር አታድርጊው፤ ገቢና ወጪው ይመዝገብ፣ ቀሪው ከእነርሱ ይሰላ። ሁለተኛው፣ የተሳሳተ ምዝገባ አይሰረዝም፤ በተቃራኒ ምዝገባ ይስተካከላል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳስተካከለውም ይቀመጣል። ኦዲተር ሲመጣ የምትኮሪው በዚህ ነው።

ኦዱ ላይ ስትደርሺ ወደ ወረታ ውረጂ። ወረታ ያለችበት ፎገራ የሩዝ አገር ነው፤ መፈልፈያዎቹም እዚያው አሉ። ያልተፈለፈለ ሩዝ በኩንታል ይገባል፤ የተፈለፈለው በደረጃ ይለያል፤ ስብርባሪውና ለከብት መኖ የሚሸጠው ብናኝ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። የኦዱ ነጻ እትም ግዥን፣ መጋዘንንና ምርትን ይዟል፤ ተረፈ ምርትንም ይመዘግባል። ሙሉው የሂሳብ ክፍልና የደመወዝ ክፍሉ ግን በነጻው ውስጥ የሉም። ባለ መፈልፈያውን አስፈቅደሽ የአንድ ሳምንት ደብተራቸውን ወደ ሲስተም አስገቢ፤ ካንድ ኩንታል ስንት ኪሎ ንጹሕ ሩዝ እንደወጣ በየቀኑ አሳዪያቸው። ያን ቁጥር አይተው «ነገም ነይ» ካሉሽ ሥራው ገብቶሻል።

ደመወዝ፦ ብቃትሽን የምታስመሰክሪበት ልምምድ

የደመወዝ ስሌት ለሁሉም መሥሪያ ቤት የጋራ ነው፣ ስህተቱም ወዲያው ይታያል። የ9,000 ብር ደመወዝ ውሰጂ። ከሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጣል፤ 630 ብር ነው። አሠሪው ደግሞ በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል። የሥራ ግብሩ በቀድሞው ሠንጠረዥ 1,745 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ ከግብር ነጻ የሆነው መነሻ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል ግብሩ 1,400 ሆነ። ለሠራተኛው በእጁ የሚደርሰው 6,970 ብር ነው።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ የግብር እርከኖቹን የት አስቀመጥሻቸው? ኮዱ ውስጥ ከጻፍሻቸው ሕጉ በተለወጠ ቁጥር ሲስተሙን እንደገና ትቀይሪያለሽ፤ የአምናን ደመወዝ መልሰሽ ስታወጪ ደግሞ በዘንድሮው ግብር ይሰላብሻል። እርከኖቹን የሚጀምሩበትና የሚያበቁበት ቀን ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ካኖርሻቸው ግን የሰኔው በሰኔው፣ የሐምሌው በሐምሌው ሕግ ይሰላል። ይህን አንድ ነገር ለቃለ መጠይቅ አድራጊ በደንብ ማስረዳት ከቻልሽ ስለ ሌላው ብዙም አትጨነቂ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚጀምር፣ ጳጉሜን ለብቻዋ ደመወዝ እንደሌላት፣ ውጭ አገር የተሠራ ሶፍትዌርም ይህን ሳይነግሩት እንደማያውቅ ጨምሪበት።

አንድ ነገር አደራ። ለልምምድ የሰው እውነተኛ ደመወዝ ወይም የሕመምተኛ መዝገብ ከመሥሪያ ቤት ይዘሽ አትውጪ። ስሞቹንም ቁጥሮቹንም ራስሽ ፍጠሪያቸው።

ቅጥር

የመውጫ ፈተናውን በ50 በመቶ ማለፍ ግዴታ ስለሆነ ከፕሮጀክትሽ ጋር አታምታቺው፤ ጊዜውን ስጪው። ለተግባር ልምምድ ስትወጪ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ከመሄድ ሆስፒታል ወይም ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ለምኚ። የሥራ ማስታወቂያ በበኵር፣ በሪፖርተርና በአዲስ ዘመን ጋዜጦች ተከታተይ። መደቡ «አይሲቲ ባለሙያ» ብቻ አይባልም፤ «ቢዝነስ አናሊስት»፣ «ዳታቤዝ አድሚኒስትሬተር»፣ «ኢአርፒ ባለሙያ»፣ በጤና ደግሞ «የጤና መረጃ ቴክኒሻን» የሚሉትንም አንብቢ። ከማመልከቻሽ ጋር የስቶሩን ሥዕልና የደመወዙን ሠንጠረዥ እያንዳንዱን በአንድ ገጽ አያይዢ።

ከገባሽ በኋላ

ሴት ሠራተኛን «እጇ ፈጣን ነው» ብሎ ለዓመታት ኢንኮዲንግ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ምስጋና ስለሚመስል ነው የሚይዘው። ሦስት ወር ሥሪው፤ የትኛው ስህተት በየወሩ እንደሚደጋገም መዝግቢ። ከዚያ መዝገቡን ይዘሽ ኃላፊው ዘንድ ግቢና «ይህ ስህተት ከምንጩ እንዲቆም ሪፖርቱን የማጣራቱ ሥራ ለእኔ ይሰጠኝ» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። በቃል የተጠየቀ ነገር ይረሳል።

በስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዢ ሲሉሽ ብዙ ጓደኞችሽ እምቢ በዪ ይሉሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። ስለ ሲስተም በሚደረግ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የያዘ ሰው ሲስተሙ ምን መሥራት እንዳለበት የሚወስነውን ሰነድ እየጻፈ ነው። ያዢው፤ ግን «የተስማማንባቸው»ን በቁጥር ዘርዝሪ፣ ስምሽን ከሥሩ ጻፊ፣ በማግስቱ ለሁሉም ልከሽ አስፈርሚ። በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ሰዎች ወደ አንቺ እያዩ መናገር ይጀምራሉ።

ዓመት ሲዘጋ ወይም ሲስተም ሲቀየር ሥራው ያመሻል። ሰኔ 30 ላይ ማን እንደሚቆይና በምን መኪና እንደሚሸኝ ሰኔ መጀመሪያ ላይ በደብዳቤ ይወሰን። «ሴት ስለሆነች ትሂድ» ተብሎ ከዚያ ሌሊት የቀረች ሴት ሲስተሙ እንዴት እንደሚነሳ ሳታይ ትቀራለች። ቤተሰብሽ ከሰጋ አባትሽን ወይም ባለቤትሽን ቀድመሽ አነጋግሪ፤ የት እንደምትሆኚ፣ ከማን ጋር እንደምትሠሪ፣ በስንት ሰዓት በየትኛው መኪና እንደምትመለሺ ሲያውቁ ነገሩ ይቀላል።

ልጅ ወልደሽ፣ እናትሽን እየጦርሽ፣ ከደብረ ታቦር መልቀቅ ባትችዪ ሙያው አያበቃም። እንግሊዛዊቷ ስቴፋኒ ሸርሊ በ1962 እ.ኤ.አ. በ6 ፓውንድ የሶፍትዌር ድርጅት አቋቁማ ልጅ ወልደው ከሥራ የወጡ ፕሮግራመር ሴቶችን በየቤታቸው ታሠራ ነበር። በሴት ስም የላከችው ደብዳቤ መልስ ሲያጣ «ስቲቭ» ብላ መፈረም ጀመረች። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች ወንዶቹ 3 ብቻ ነበሩ፤ የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መቅጃ ፕሮግራምም ከእነርሱ እጅ የወጣ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ዘመን በስልክና በፖስታ ያሠራቸው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ በጽሑፍ መቀመጡ ነው። አንቺም ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ከቤትሽ ስትሠሪ ሥራውን፣ የሚጠናቀቅበትን ቀንና «አለቀ» የሚባልበትን መለኪያ ጽፈሽ ሳታስፈርሚ አትጀምሪ። ኔትወርክ ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግም ውሉ ውስጥ ይግባ።

ኃላፊ ስትሆኚ

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡ አደሩ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ያለ አግባብ ተወሰደ ያለው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። የተሰጠው ምክንያት የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ጋር የተያያዘ ችግር የሚል ነበር። የቴክኖሎጂ ኃላፊነት ማለት እንዲህ ያለ ለውጥ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት «በሙከራ ሰርቨር ላይ ታይቷል? ካልሠራ በስንት ደቂቃ ወደነበረበት እንመልሰዋለን? የሚፈርመው ማነው?» ብሎ መጠየቅና መልስ ካልተገኘ አለመፍቀድ ነው። በወረዳ ደረጃም ሥራው ያው ነው፤ የገንዘቡ መጠን ብቻ ነው የሚያንሰው።

ስለዚህ ኃላፊነት ገና ሳይሰጥሽ ሁለት ልማድ ያዢ። አንደኛ፣ ባክአፕ ተወሰደ ሲባል አትመኚ፤ በየሩብ ዓመቱ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰሽ ክፈቺውና ባለፈው ወር ሪፖርት አመሳክሪው። ሁለተኛ፣ ሲስተም ሻጭ ሲመጣ ከስክሪኑ ውበት በፊት ውሉን አንብቢ፤ ዳታው የማን ነው፣ ውሉ ሲያልቅ በምን መልክ እንረከበዋለን፣ ጥገናው በዓመት ስንት ነው፣ የእኛ ሰው ሠልጥኖ ራሱ ማስተካከል የሚችለው የቱን ነው?

ከላይ ሴት እንዳለችም እወቂ። ፍሬሕይወት ታምሩ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮምን ሲመሩ ቆይተዋል፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ የጀመረው በእርሳቸው ጊዜ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎቹ ረድኤት አበበና ትምኒት ገብሩ፣ ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ብላክ ኢን ኤአይን ከመሠረቱት ውስጥ ናቸው። ብቻቸውን ከመቆጠር ይልቅ ሌሎች ተመራማሪዎችን የሚያገናኝ ስብስብ ፈጠሩ። አንቺም በዞኑ ያሉ የሲስተም ሥራ ላይ ያሉ ሴቶችን ስልክ ሰብስቢ፤ አይቤክስ አልገጥም ሲል የነፋስ መውጫዋ ለሐሙሲቷ የምትደውልበት ይሁን።

ስለ ወሊድ ፈቃድ ግልጽ እንሁን፤ ብዙ ሴቶች ከኃላፊነት የሚወርዱት ያኔ ነውና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሚመለከተው ድርጅት ከተቀጠርሽ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር መብትሽ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ የሚመለከትሽን የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ አጣሪ። ከመውጣትሽ ሁለት ወር ቀደም ብለሽ የርክክብ ሰነድ ጻፊ፤ የትኛው ሥራ በየቀኑ፣ የትኛው በወር መዝጊያ እንደሚሠራ፣ ባክአፑ የት እንዳለ፣ ለሻጩ በማን በኩል እንደሚደወል። ተተኪሽን መርጠሽ አንድ ወር መዝጊያ አንቺ እያየሽ እርሷ ትሥራው። የውክልና ደብዳቤው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ይኑረው፣ የሥራ መደብሽም በስሙ ይጠቀስበት። የአድሚን ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ በኃላፊው ካዝና ይቀመጥ፤ በተመለስሽ ቀን ፖስታውን ተረክበሽ ፓስወርዱን ቀይሪ፣ በሌለሽበት የተደረጉትን ለውጦች ዝርዝር ከሲስተሙ አውጥተሽ ከተተኪሽ ጋር አንድ በአንድ እዩት።